ርገጥ በይው

ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ሁለቱም መኪና ያውቃሉ። መኪና የሚያውቅ ወንድም ያላት ሴት በእግሯ መሄድ ትለምዳለች፤ ሁለት ያላት ደግሞ ጫማ ቶሎ ቶሎ ትቀይራለች።

ታላቄን ጋሽዬ እንለዋለን። ታናሼ ማሙሽ ነው፤ አናቱ ተመልጦ፣ ሆዱ ከቀበቶው አልፎ ዛሬም ማሙሽ ነው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሥራዬ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ማገናኘት ነው። ቀኑን ሙሉ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስል እውልና ቤት ስገባ ያው ሥራ ይጠብቀኛል። ጋሽዬና ማሙሽ አይነጋገሩማ።

የጠባቸው መነሻ ቀለም ነው። አባታችን ሲሞት አንዲት አሮጌ አረንጓዴ መኪና ትቶልን ነበር። ጋሽዬ ማንንም ሳያማክር ነጭ ሊያስቀባት ወሰዳት። ማሙሽ ሰምቶ በሩጫ ሲደርስ የመኪናዋ ፊት ነጭ ሆኗል፤ ከበሮቹ በስተኋላ ያለው ግን ገና ነበር። የቀለም መርጫውን ከሠራተኛው እጅ ቀማ። «ይቺ የአባቴ ቀለም ናት!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሽዬም «አባትህ ቢኖር አንተን ነበር የሚያስቀባ!» አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናችን ከፊት ነጭ፣ ከኋላ አረንጓዴ ናት፤ ወንድሞቼም ሆድና ጀርባ። አንዱን ሳምንት ጋሽዬ፣ ሌላውን ማሙሽ በፈረቃ ይነዷታል። ቁልፏ እማዬ ቤት ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ሰቅሎ ይሄዳል፣ ሌላው መጥቶ ያወርዳል።

እማዬ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ወይም አታውቅም ብለን ተስማምተናል። ዓይኗን የሞራ ግርዶሽ ከጋረደው ቆይቷል። ሰው ሲገባ ጥላ ታያለች፤ ከጥላው ውፍረትና ከእርምጃው ማን እንደሆነ ትለያለች። ወንድሞቼ ይህንን እንደ በረከት ቆጠሩት። እሁድ እሁድ ምሳ ሊበሉ ሲመጡ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና ቲያትር ይሠራሉ።

ጋሽዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ «እማዬ፣ ትናንት ከማሙሽ ጋር ስንስቅ ዋልን» ይላል።

ማሙሽ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ሆዳችን እስኪቆስል!» ይላል።

ሆዳቸው መቁሰሉስ እውነት ነው። እማዬ «ተመስገን፣ ፍቅራችሁን አያሳጣኝ» እያለች ባዶ አየር ላይ ትመርቃለች። እኔ መሃል ተቀምጬ ጨው ከአንዱ ወደ አንዱ አቀብላለሁ።

ዘንድሮ ግን የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሆስፒታል ለጥቂት ቀን ቀዶ ሕክምና እንደሚሰጡ ተሰማ። እማዬን አስመዘገብኳት፤ ተራ ደረሳት። ከወር በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት። ነርሷ ፊት ለፊት ነው የነገረችኝ፤ ያ ተራ ካለፈ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም፣ ሞራውም እየደደረ በሄደ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። እማዬ ይህን ስትሰማ እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በአባታችሁ መኪና ነው የምሄደው» አለች። «ሁለት ወንድ ልጅ ወልጄ በሰው መኪና አልንከራተትም።»

«እማዬ፣ ታክሲ እኮ ይቀላል።»

«ይቅለላ።»

እማዬ እምቢ ካለች በክሪክም አትነሳም። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

መኪናዋ ይህን የሰማች ይመስል በዚያው ሰሞን ፍሪሲዮኗ አመፀ። መርገጫው ሲረገጥ እንደ ድሮው እግርን አይገፋም፤ እስከ ወለሉ ሰምጦ እዚያው ይተኛል። ደጋግመው ሲረግጡት ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ማርሹም እየተንገጫገጨ ይገባል። መብራት ላይ ረግጠው ሲጠብቁ ደግሞ ቀስ እያለ ይከዳል፤ መኪናዋ ሳትታዘዝ ወደ ፊት ትሳባለች። ማሙሽ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ የትራፊክ ፖሊስ ጉልበት ሊስም ምንም አልቀረውም።

የዚህ በሽታ ምርመራ ከባድ አይደለም። እኔ ስልክ አገናኟ እንኳ ገብቶኛል። ከመርገጫው በላይ አንድ ፓምፕ አለ። ሲረገጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ገፍቶ ካምቢዮው ጎን ወዳለው ሌላ ፓምፕ ይልካል፤ የታችኛው ደግሞ ፍሪሲዮኑን ይገፋል። ዘይቱ አንድ ቦታ ከፈሰሰ ወይም አየር ከገባበት የእግር ጉልበት እታች ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚታየው ሁለት ቦታ ነው፤ ላይ እና ታች። አንድ ጤነኛ ሰው ሁለቱንም አይቶ እጁን ታጥቦ ምሳውን ይበላል።

ጋሽዬ የላይኛውን ብቻ አየ። የላይኛውን ፓምፕ ባለፈው ያስገባው ማሙሽ ነበር። ከመርገጫው ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጦ ዳሰሰና ጣቱን እያሸተተ ወጣ።

«ርጥብ ነው» አለኝ። «ዘይት የሚያግደው የላይኛው ጎሚኒ ሄዷል። ማን እንዳስገባው እኔ አልናገርም።»

አልናገርም ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። ከሥጋ ቤቱ እስከ ፀጉር ቤቱ ድረስ ያልሰማ አልነበረም።

ማሙሽ ተራው ሲደርስ መኪናዋ ሥር ገባና የታችኛውን ብቻ አየ። ያንን ያስገባው ደግሞ ጋሽዬ ነው።

«እትዬ ትሙት» አለኝ በእኔ ሕይወት እየማለ፣ «የታችኛውን ሽፋን ገለጥ ሳደርገው ዘይቱ ዱብ ዱብ አለ! የላይኛውማ እንደ አዲስ ነው።»

«አየኸው?»

«ምን አስፈለገኝ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው መካኒክ ይዘው መጡ፤ በአንድ ቀን እንዳይመስላችሁ፣ በየሳምንታቸው። የጋሽዬ መካኒክ አንገቱን ወደ መርገጫው አስግጎ «የላይኛው ነው» አለ። የማሙሽ መካኒክ ጎንበስ ብሎ «የታችኛው ነው» አለ። ሁለቱም ሙያተኞች ናቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚመረምሩት ማን እንደጠራቸው ነው። እኔ ምስኪኗ «ሁለቱም ቢያፈሱስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽዬ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ማሙሽም ሳቀብኝ። ሳቃቸው ቁርጥ አንድ ነው።

ሁለቱም ያፈሱ ነበር።

ይህን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው፣ ካመኑ በኋላ ደግሞ ለመሥራት። ጋሽዬ መለዋወጫ ሊገዛ ይሄድና ሱቁ ዝግ ነው ብሎ ይመለሳል። ማሙሽ መካኒኬ ስልክ አያነሳም ይላል። ስጨቀጭቃቸው «ይደርሳል» ይሉኛል፤ ማን ላይ እንደሚደርስ አይናገሩም። እነሱን ስጠብቅ የቀጠሮው ዋዜማ ሊደርስ ሲል ሁለቱንም ፓምፕ ከነቱቦው ራሴ ገዝቼ መጣሁና እሁድ ምሳ ላይ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። እማዬ በእጇ ዳበሰችው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትል ሁለቱም በአንድ አፍ «መድኃኒት ነው እማዬ» አሏት።

ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ማሙሽ የላይኛውን፣ ጋሽዬ የታችኛውን ገጠመ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ። መቼም ሐሰት አልናገርም፣ እጃቸው ንጹህ ነው። አባታችን ነው ያስተማራቸው፤ ብሎን ሲያጠብቁ ሁለቱም እንደሱ ምላሳቸውን ወደ ግራ ያወጣሉ። ይህን ለአንዱም ነግሬው አላውቅም፤ ብነግራቸው ምላስ ማውጣቱን ይተዉታል።

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ላይ ተቀምጦ ይረግጥና ይይዛል። ሌላው ታች ተኝቶ ትንሿን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ ሲያደርግ ዘይትና አየር ተፍ ይላል። ብሎኑ ተመልሶ ሲጠብቅ ብቻ ላይ ያለው እግሩን ያነሳል። ቀድሞ ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ሥራው ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ጋሽዬ በጀርባው መኪናዋ ሥር ገባ። ማሙሽ መሪው ላይ ተቀመጠ። በመካከላቸው ያለው የወለሉ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እኔ የተከፈተው በር አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«ርገጥ በይው» አለ ጋሽዬ ከታች።

«ርገጥ» አልኩ።

«ረገጥኩ በይው» አለ ማሙሽ።

«ረገጠ።»

ጋሽዬ ብሎኑን ሲፈታ መርገጫው ከማሙሽ እግር ሥር ከዳ። ማሙሽ ደንገጥ ብሎ እግሩን ሊያነሳ ሲል ጋሽዬ «ያዝ!» ብሎ ጮኸ። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞሮ አይቷል። ማሙሽ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ያዝ» የሚለው በእኔ በኩል አልመጣማ! እኔ አፌን እስክከፍት እግሩ ተነስቷል። ከታች አየሩ ሲሳብ ሰማሁት።

«ለምን ለቀቀ በይው!»

«ማን ያዝ አለኝ በይው!»

ቦታ ተቀያየሩ። አሁን ደግሞ ማሙሽ ከታች «ጠብቋል፣ ይልቀቅ!» ሲል ጋሽዬ እንደ ሐውልት ረግጦ ተቀመጠ፤ ለቀቅ አድርግ እስክለው ሰማዩን ያያል። ማሙሽ ታች ሆኖ መርገጫው የተለቀቀ መስሎት ብሎኑን መልሶ ፈታው፤ ያን ጊዜ የእኔ «ልቀቅ» ደረሰ። ብሎኑ ተፈቶ፣ እግሩ ተነሳ፣ አየሩ ሰተት ብሎ ገባ። እንዲህ እያልን ከሰዓቱ ተጋመሰ። ድምፄ ሻከረ። በዚህ መሃል ላይኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዘይት እያለቀ መሆኑን ያየ ሰው አልነበረም፤ ኮፈኑን ከፍቶ መሙላት የማን ሥራ እንደሆነ በእኔ በኩል ሲከራከሩ ባዶውን ቀረ። በስንት መከራ የወጣው አየር አሁን በላይም ገባ።

እማዬ ከውስጥ ተጣራች። «አንቺ ልጅ! ምነው አንቺ ብቻ ትጮኺያለሽ? እነሱ አፍ የላቸውም?»

«መኪናው ሥር ድምፅ ስለማይሰማ ነው እማዬ!» አልኩ። ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ ሁለቱም እፎይ አሉ። ያ እፎይታቸው እንደ እግር እሳት አንገበገበኝ።

ተነሳሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የተናገርኩት። «ስሙኝ። ነገ ጠዋት የእማዬ ተራ ነው። ነገ ካልሄደች ዓይኗ ሳይበራ ትሞት ይሆናል፤ የምትሞተው ደግሞ እናንተ ‹ያዝ› መባባል አቅቷችሁ ነው። ከአሁን ወዲያ በመካከላችሁ የለሁም። ወይ ተነጋገሩ፣ ወይ እዚያው ዝገቱ።»

ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳይ ማሙሽ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ የግቢው በር አጠገብ ወዳለው ቧንቧ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ጋሽዬ ደግሞ የብሎን መፍቻውን አንስቶ በእሱ ፋንታ ታች ገባ። ምን ሊሠራ እንደሆነ እንጃ። ብቻውን አየር የሚያስወጣ ሰው የለም፤ እልህ ግን ብቻውን ያስተኛል።

እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የነገውን ልብሷን ዛሬ ለብሳ፣ ትንሿን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ማን ነበር የሚረግጠው?» አለችኝ።

«ተራ በተራ።»

«እግራቸው አያርፍም የሁለቱም። አባትሽ ሲሠራ የምረግጥለት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ተሳስተሻል ብሎኝ አያውቅም።» ቦርሳውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «በይ ያዢኝ።»

ይዣት ወጣሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ የግራ ጫማዋን አወለቀች፣ በእግሯ ዳብሳ መርገጫውን አገኘችው። እኔ ድምፅ ሳላሰማ ማጠራቀሚያውን በዘይት ሞላሁ። የወንበሩ ሽቦ ሲጢጥ ሲል ጋሽዬ ወንድሙ የተመለሰ መሰለው። ከታች ጉሮሮውን ጠረገ። መልሶ ጠረገ።

«ርገጥ» አለ።

የዘይቱ ጠርሙስ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እማዬ ረገጠች፤ መርገጧን ለማሳወቅ በሩን በጣቷ ቋ አደረገች።

«ያዝ።»

ያዘች። ተፍ ሲል ተሰማ። መርገጫው ሲሰምጥ እግሯ አብሮት ወረደ እንጂ አልተነሳም።

«ልቀቅ።»

ለቀቀች። እንዲህ እየተባባሉ ቀጠሉ፤ እሱ በአፉ፣ እሷ በጣቷ። እኔ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር እሞላለሁ። መርገጫው ቀስ በቀስ እግሯን መግፋት ጀመረ። በዚህ መካከል ማሙሽ እጁን እያራገፈ መጣና መሪው ላይ ማን እንዳለ አየ። አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ገሰጽኩት። የፊት ጎማው አጠገብ እንደቆመ ቀረ።

«በቃ፣ ቋንቋ አለህ ማለት ነው» አለ ጋሽዬ ከታች። ሳቅ ሳቅ እያለው ነው። «እንዲህ መርገጥ እየቻልክ ስታስለፋኝ ዋልክ። የመጨረሻዋን ርገጥና ያዝልኝ።»

ቋ።

ብሎኑ ተፈታ። አንድም አየር የለም፤ ዘይት ብቻ ወረደ። ብሎኑ ሲጠብቅ ሰማን። እማዬ ረግጣ «ልቀቅ» እስኪላት ትጠብቃለች። እሱ ግን አላለም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ» አለ። «እህታችን ገብታለች አይደል? አንድ ነገር ልንገርህ። መኪናዋ ልትሠራ ነው፤ የፈራሁት ደረሰ። ነገ እማዬ ስታይ ምን ልንሆን ነው?»

ማሙሽ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ እማዬ አየሁ። እማዬ ወደ ፊት፣ ወደ መስታወቱ ነበር የምታየው።

«ሱቁ ዝግ ነው ስል ምን መሰለህ? አንድ ቀን ዝግ ሆኖ አያውቅም። በሩ ላይ ደርሼ ነው የምመለሰው። አንተስ መካኒክህ ጠፍቶ ነው? ተወው፣ አትመልስልኝ። ከተጣላን ወዲህ እኔና አንተ የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ይቺ መኪና እንዳትነሳ ነው። ደግሞ ምን ጎደለባት? ቤቷን በእጇ ታውቀዋለች። ድምፃችንን ትሰማለች፣ ትመርቀናለች፣ ደስ ብሏት ትተኛለች። ዓይኗ በርቶ የእኔንና ያንተን ጀርባ ከምታይ… እውነቱን ንገረኝ፣ እንዲሁ ብትቀርስ አይሻላትም?»

ማሙሽ የሚናገርበት ጊዜ ነበረው። «አይሻላትም» ማለት አንዲት ቃል ናት። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መሬት አየ።

የእማዬ እግር አሁንም መርገጫው ላይ ነው። አላነሳችውም። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች።

«ልጄ» አለችው፣ «ብሎኑን አጥብቀህ ከሆነ ልቀቂ በለኝ፤ እግሬ ዛለ።»